ለነቃ ዘር ምርቃት

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ "የእንስሳት እርባታ" ብዬ አልፋለሁ። ውሸት አይደለም፤ እውነቱ ሁሉ ግን አይደለም። ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው። የኮርማ ዘር ከብርድ ውስጥ አውጥቼ፣ በሞቀ ውሃ አሟሙቼ፣ አንድ እጄን እስከ ክርኔ ላም ውስጥ ከትቼ፣ ዘሩን ከሚደርስበት አደርሳለሁ። ይህን ሠርግ ቤት ውስጥ፣ ሰው እየበላ እንዴት ብዬ ላስረዳ? ወንድ ቢሆን "አዳቃይ" ይባልና ወሬው ያበቃል። እኔን ግን ያደግሁበት መንደር ጎረምሶች ገና ከባጃጅ ስወርድ "ኮርማዋ መጣች!" ይሉኝ ነበር። አንዱማ "የላም ሚዜ" የሚል ስም አወጣልኝ። እኔ ለሁሉም መልስ ነበረኝ፤ አፌ አያርፍም። አባቴ ግን ሰምተው እንዳልሰማ ሆነው ወደ ቤት ይገቡ ነበር፤ ያ ነው የሚያንገበግበኝ የነበረው።

አባቴ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው የሚኖሩት። ጉሙ ከቀርከሃው አጥር ላይ እስከ ረፋድ የማይነሳበት፣ ክረምት ከበጋ ጋቢ የማይወልቅበት ቦታ ነው። ድንችና ገብስ ያርሳሉ፤ እንደ ሰዉ ሁሉ ከመሬታቸው ከፊሉን ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተክለውበታል። በአገሩ የሚታወቁት ግን በምርቃታቸው ነው። ሠርግ ሲሆን፣ ደም የተቃቡ ሲታረቁ፣ አዲስ ቤት ሲገባ፣ ፈረስ ሲገዛ "እሳቸው ይምጡልን" ይባላል። ምርቃታቸው ረጅም ነው። በአገውኛ ጀምረው መሬቱን፣ ውሃውን፣ ከብቱን፣ የሞቱትንና ገና ያልተወለዱትን እየጠሩ ያዳርሳሉ። ከዚያ ከከተማ የመጣ ሰው ካለ እንዳይቀርበት ብለው ሁሉንም በአማርኛ ይደግሙታል።

እሳቸው ሲመርቁ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ፣ መዳፉን ዘርግቶ ይቆማል። በምርቃት መሃል የሚራመድ የለም። ጀርባውን የሚሰጥማ እርግማን በገዛ እጁ እንደ ጠራ ነው የሚቆጠረው። ልጅ ሳለሁ እግሬ እስኪደነዝዝ ቆሜ "አሜን" ብያለሁ። ያኔ ቶሎ ባያልቅ እመኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ ነው። ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው አንዱ ቀልደኛ ጎረቤታችን፣ "ልጅዎ የዳንግላን ላም ሁሉ አስረገዘች አሉ፤ የእርስዎ ቦቃ ምን በደለች?" ብሎ ሰዉን አሳቀ። ቦቃ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቀይ ላማችን ናት። በቤቱ ያለችው ላም እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ጊዜ ወልዳ ጥጃዋ ሞቶባታል፤ ዳግም ካልወለደች እናቴ የምትንጠው ወተት፣ ገበያ የምትወስደው ቅቤ የለም። አባቴ አልሳቁም። "ቦቃ በልጀ እጅ ትወልዳለች፤ እንገሩን የምትበሉት እናንተው ናችሁ" አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ አለቀስኩ፤ እኔ ቶሎ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። አባቴ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ሥራዬ አንዲት ቃል ትንፍሽ ብለው አያውቁም ነበር። አሁን ቃላቸውን በማኅበሩ ፊት በኔ እጅ ላይ አኖሩት።

እዚህ ላይ ስለ ማሟሟት ትንሽ ካልተናገርኩ የኋላው ንዴቴ አይገባም። ዘሩ የሚቀመጠው እስክሪብቶ ውስጥ ያለችውን የቀለም ቱቦ በምታህል ቀጭን ነገር ነው፤ ስትሮ እንላታለን። ፈሳሽ ናይትሮጅን ባለበት ገንቦ ውስጥ ዓመታት ብትቀመጥ ምንም አትሆንም። ጣጣው የሚጀምረው ስትወጣ ነው። ሥልጠና ላይ አስተማሪያችን ከአንድ ኮርማ የተወሰዱ ሦስት ስትሮዎች ይዞ መጣ። የመጀመሪያዋን የሰውነት ሙቀት ያለው ውሃ ውስጥ ቶሎ አሟሟት። ሁለተኛዋን በመዳፉ ጨብጦ ቀስ እያለች እንድትሟሟ ተዋት። ሦስተኛዋን ልክ እንደ መጀመሪያዋ በሞቀ ውሃ አሟሟትና መስኮቱ ደፍ ላይ ንፋስ ላይ አስቀምጧት ሻዩን ሊጠጣ ተቀመጠ።

ከዚያ ጠብታዎቹን በየተራ በማይክሮስኮፕ አሳየን። የመጀመሪያዋ ውስጥ ብዙዎቹ ወደፊት ይዋኛሉ፤ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ በር ላይ እንደሚጋፋ ልጅ ነው የሚመስሉት። ሁለተኛዋ ውስጥ ብዙው ሞቶ የቀረው ባለበት ይንቀጠቀጣል። ቀስ ብሎ ሲሟሟ በረዶው መልሶ እየረጋ እንደሚወጋቸው ነገረን። ሦስተኛዋ ግን አንጀቴን በላችው። ነቅተው ነበር፤ ነቅተው ከሞቁ በኋላ ነው ብርዱ ያገኛቸው። አንዳንዱ ጅራቱ ተቆልምሞ አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። "ያልነቃውን ብርድ አይገድለውም" አለ አስተማሪያችን፤ "የነቃውን ግን አንዴ ከመታው መልሰህ ብታሞቀውም አይነሳም።" ያን ቀን ነው ሥራዬን የወደድኩት፤ ያን ቀንም ነው በሥራዬ ቁጡ የሆንኩት።

ዳንግላ ተመድቤ ስገባ ያገኘሁት ሌላ ዓለም ነው። ስትሮ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወሬውን እያወራ የሚያሟሟ አለ። አፉ ውስጥ የሚይዝ አለ። ገበሬው ያቀረበለት የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶ እንደ እንቁላል የሚቀቅል አለ። ላሟ ሳትይዝ ስትቀር ሁሉም "ገበሬው ዘግይቶ ነው የጠራን" ይላሉ፤ ገበሬውም ያምናቸዋል፤ የነፍስ አባት እንኳ እንዲህ አይታመንም። አለቃዬ የሚጠይቀው ስንት ላም ተዳቀለ ብሎ እንጂ ስንቱ ወለደ ብሎ አይደለም። የውሃ ሙቀት መለኪያ እንዲሰጠኝ ብጠይቀው "ጣትሽን ንከሪበት" ብሎ ሳቀብኝ። መለኪያውን በራሴ ገዛሁ። እናም የኔ ላሞች ይይዙ ነበር። ይህን ስል መኩራራት ከመሰለ ይምሰል።

ቦቃ ኮርማ መፈለጓን እናቴ የነገረችኝ በነሐሴ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። ጠዋት መጮህ ከጀመረች ከሰዓት ብደርስ ጥሩ ሰዓት ነው። ትንሿን የናይትሮጅን ገንቦ በጉልበቶቼ መሃል ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ክዳኗ ሥር ነጭ ጭስ ሽው ሲል አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ "ይህ ነገር ይፈነዳል?" ብላ ጠየቀችኝ። "እሱ አይፈነዳም፤ የሚፈነዳው የያዘው ሰው ነው" አልኳት። እስከ አዲስ ቅዳም ከተማ ድረስ አላናገረችኝም።

ቤት ስደርስ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ቀልደኛው ጎረቤትም አለበት። እኔ ላም ላዳቅል ነው የመጣሁት፤ የጠበቀኝ ግን የሠርግ ዕድምተኛ ነው። አባቴ ቦቃን ከግንድ በተሠራ ማቆሚያ ውስጥ አስገብተው፣ ጎኗን አጥበው፣ እሳቸውም የበዓል ኮታቸውን ለብሰው ነበር። እናቴ የሞቀ ውሃ አመጣችልኝ፣ ለካሁ፣ ቀዝቃዛ ጨመርኩበት። አባቴ ከጎኔ ቆመው ይመለከታሉ። ከሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ነገሩን በሚገባቸው ቋንቋ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

"አባባ፣ ዘሩ አልሞተም፤ ብርዱ ውስጥ ተኝቶ ነው ያለው። አሁን በሞቀ ውሃ እቀሰቅሰዋለሁ።"

"ይነቃል?"

"ይነቃል።"

"በሕይወት ያለ ነገር ነው እንግዲህ" አሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው በአገውኛ ተረጎሙላቸው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስትሮዋን አሟሙቼ፣ ጠርጌ አድርቄ፣ ጫፏን ቆርጬ፣ ማዳቀያው ዘንግ ውስጥ ከተትኳት፤ ዘንጉን እንዳይበርደው ሸሚዜ ሥር አስገባሁ። ወደ ቦቃ አንድ እርምጃ ስራመድ አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሽማግሌዎቹም አወለቁ። እናቴ መዳፏን ዘረጋች። እኔም እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

በአገውኛ ተጀመረ። መሬቱ ተመረቀ፣ የዘንገና ሐይቅ ውሃ ተመረቀ፣ የአያቶቻቸው ከብት እየተጠራ ተመረቀ። ንፋሱ በቀርከሃው መሃል ያፏጫል፤ ጉሙ ወርዶ በረቱን ሸፍኖታል። ዘንጉ ብረት ነው፤ ሙቀት የሚይዘው ለአፍታ ነው። ልብሴ ውስጥ ሆኖ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቆዳዬ ላይ ይሰማኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ያን የመስኮት ደፍ አየሁት። አገውኛው ሲያልቅ እፎይ ልል ስል፣ እኔ ከከተማ የመጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኛ፣ አማርኛው ጀመረ። "እጅሽ ይባረክ። የያዝሽው ይጽና። የነካሽው ይብዛ። ስድባቸው ለራሳቸው ይሁን፤ አንችን ግን ላም የነካ እጅሽ ያክብርሽ።" በንዴት ጥርሴን እየነከስኩ ዕንባዬ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ልሰማው የምፈልገው ምርቃት በእጄ የያዝኩትን እየገደለው ነበር። "አሜን" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቦቃ መልሳ ጮኸች፤ አልያዘችም።

በሁለተኛው ጊዜ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በስልክ፣ "አባባ፣ እኔ ገንቦውን ሳልከፍት በፊት መርቀው ይጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ ጊዜ የለም" አልኳቸው። "እሽ" አሉ፤ እሽ ካሉ እሽ ነው። ስደርስም ቃላቸውን ጠበቁ። ገንቦዬን ሳልከፍት መረቁ፣ በሁለቱም ቋንቋ መረቁ፣ እኔም እንደ ልጅነቴ ደስ ብሎኝ ቆምኩ። ከዚያ ውሃዬን ለክቼ፣ ስትሮዋን አሟሙቼ፣ ዘንጉን ሞልቼ ስዞር አባቴ ባርኔጣቸውን እንደ ገና አወለቁ።

"አባባ! ጨርሰዋል እኮ!"

"ያ ለላሟ ነው ልጀ። ዘሩ ያን ጊዜ ተኝቶ ነበር። አንችው አይደለሽ የነገርሽኝ?" ረጋ ብለው፣ እንደሚያስረዳ አባት ነው የሚናገሩት። "ለተኛ አይመረቅም። ሲነቃ ነው የሚመረቀው። ገብስ እንኳ አፍሼ በእጀ ላይ ሳልመርቀው ወደ መሬት በትኘው አላውቅም።"

ሽማግሌዎቹ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አሉ። ምን ልበል? ተኝቷል ያልኩት እኔ፣ ይነቃል ያልኩት እኔ። ያሉት ነገር አንድም ስሕተት አልነበረበትም፤ ብርዱ ብቻ ነው የማይሰማቸው። ዘንጉን ብብቴ ሥር ጨብጬ ቆምኩ፤ በዳንግላ ባልደረቦቼ ስስቅ የነበርኩት ሴት። ምርቃቱ ባለፈው ስላልያዘ ይመስለኛል ከበፊቱ ረዘመ። ቦቃ መልሳ ጮኸች።

አሁን ወሬው ተነሳ። "እጇ ደረቅ ነው" አሉ። "ሴት የነካችው ዘር መቼም አይጸናም" ያለም አለ። ይህን ያለችው ሴት መሆኗን ስሰማ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቀልደኛው ጎረቤት ለአባቴ፣ "ኧረ ተዉ፣ የኔ ኮርማ እዚሁ ጓሮ ነው ያለ፤ በነጻ ያገልግልዎ" ብሏቸው ነበር። ያን ኮርማ አውቀዋለሁ። አጥር ዘልሎ የሚመጣ፣ ማንንም የማይስት ኮርማ ነው። አባቴ ቢቀበሉት ኖሮ ቦቃ ትይዝ ነበር፣ ቤቱም ወተት ያገኝ ነበር። እሳቸው ግን "ላሜ ባለቤት አላት" ብለው መለሱት። ስለ እኔ ብለው ነው። ስለ እኔ ብለው እንደሆነ ማወቄ ከስድቡ ሁሉ በላይ ከበደኝ። ስድብን እመልሰዋለሁ፤ ይህን በምን እመልሰዋለሁ?

ሦስተኛው በጥቅምት ሆነ። ዝናቡ ቆሞ ውርጩ ጀምሯል። በዚያ ቀን ስደርስ መጀመሪያ እናቴን ጓዳ ጠርቼ፣ "የአባባ ምርቃት ነው ዘሩን የሚገድለው" አልኳት። አፌን በእጇ ከደነችው።

"ምርቃት ይገድላል ይባላል? አንች ልጅ፣ ጸበል ውሰዱኝ በይ!"

"ምርቃቱ አይደለም፤ ብርዱ ነው። እሳቸው ሲመርቁ ይበርደዋል።"

"ይህን ለሳቸው ከምትነግሪ ሌባ ነዎት ብትያቸው ይሻላል" አለችኝ።

እሳቸው ዘንድ ሄድኩና በሌላ በኩል ሞከርኩ። "አባባ፣ ዛሬ ከገባ በኋላ ይመርቁ" አልኩ። "እህል መሬት ከገባ በኋላማ የመሬቱ ነው፤ ሰው ምን አገባው?" አሉ። "እንግዲያው በአጭሩ ያድርጉት፤ ውርጭ ነው" ብዬ ለመንኳቸው። ፊቴን አዩት። "እሽ፣ አሳጥረዋለሁ" አሉ።

አሳጠሩም። አባቴ አሳጠሩ ሲባል ከሌላ ሰው ረጅሙ ነው እንጂ አሳጥረዋል። አገውኛውን ቶሎ አደረሱት። ግን በዚያ ቀን ከወትሮው የበዛ ሰው መጥቶ ነበር። ወሬ የሰማ ሁሉ ሦስተኛውን ሊያይ መጥቷል፤ ከከተማ የመጡም አሉበት። አባቴ በሰዉ ላይ ዓይናቸውን አዞሩ፣ ድምፃቸው ሞቀ፣ አማርኛውን ጀመሩ። "ይህችን ልጀን ያማችሁ..." ሲሉ ዘንጉ ደረቴ ላይ መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አሰብኩት ብል ውሸት ነው።

"ይብቃ! ዝም ይበሉ! ዘሩ እየሞተ ነው!"

ዞሬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ወደ ቦቃ ሄድኩ። ዘንጉ መንገዱን ወዲያው አገኘ፣ ዘሩን ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ እንደዚያ የጠራ ሠርቼ አላውቅም። ጓንቴን አውልቄ ስዞር ሰዉ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። አባቴ ግን የሉም። ባርኔጣቸውን ደፍተው ቤት ገብተዋል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "አንች ልጅ፣ ምን አደረግሽ?" አሉኝ።

"ሥራዬን" አልኳቸው።

ከበር ላይ ሆኜ "ደህና ይሁኑ" አልኩ፤ ከውስጥ የመለሰልኝ የለም። ወደ ዳንግላ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ልክ ነኝ እያልኩ ሄድኩ። አሁንም ያው ዳንግላ ነኝ፣ ያንኑ ገንቦ ተሸክሜ እዞራለሁ፣ አሁንም ልክ ነበርኩ እላለሁ። ውሃው ልክ ነበር፣ ሰዓቱ ልክ ነበር፣ እጄም ልክ ነበር። ማን ጠየቀኝ?

ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ቦቃ አልጮኸችም። እናቴ ኔትወርክ ፍለጋ አቀበት ወጥታ ደወለችልኝ። "ዝም ብላለች" አለችኝ። ስልኩን ይዤ ዘለልኩ። "ይዛለች ማለት ነው! እማዬ፣ ይዛለች! ትንሽ ትቆይና ራሴ መጥቼ በእጄ አረጋግጣለሁ" አልኳት። "ንገሪያቸው" አልኩ። ነግራቸዋለች። አባቴ ግን ዝምታዋን በሌላ መንገድ ነው ያነበቡት። "ምርቃት የተቆረጠባት ላም ናት" አሉ አሉ፤ "ኮርማ መፈለጉን እንኳ ተወች። መሲና ሆናለች፤ ከእንግዲህ አትወልድም።" እናቴ "ልጅዎ ይዛለች ትላለች" ብትላቸው፣ "እሷ ብዙ ትላለች" ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ያደረ ቂም ነው እንዳልል አባቴ ቂመኛ አይደሉም። ምርቃት ሲቆረጥ የሚሆነውን ከልባቸው ያምኑ ነበር፤ ለዚያ ነበር እኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድም ቀን ሳይቆርጡ የመረቁት።

ከዚያ በጸጥታው ችግር መንገዱ ተዘጋ። ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሳምንት ይዘጋል። ኔትወርኩም ጠፋ። ለኔ ቤታችን ቅርብ ነው፤ በደህና ጊዜ ደርሼ በቀኔ የምመለስበት ነው። በዚያ ጊዜ ግን ሌላ አገር ሆነብኝ። ናይትሮጅንም መምጣት አቆመ፣ ገንቦው ደረቀ፣ ቢሮ ገብተን ቁጭ ብለን እንወጣለን። እኔ በልቤ የቦቃን ወር እቆጥራለሁ። እሷን ዳስሼ "ይኸው" ብዬ አባቴ ፊት የምቆምበትን ቀን አስባለሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አልነበረም ሐሳቤ፤ ልነግራቸው ነበር። መንገዱ የተከፈተው ለገና ዋዜማ ነው።

በበዓሉ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጓንቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። እንጅባራ ወርጄ ባጃጅ ይዤ ስደርስ ግቢያችን ውስጥ ሰው ሞልቷል። ከበረቱ ጎን ቅጠል ተነጥፏል፣ የበሬ ቅርጫ ነው ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ቆዳውን አየሁት፤ ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት።

ለካ አባቴ ሰንበቴው ላይ ተነስተው፣ "እንገር አበላችኋለሁ ብየ ነበር፤ እንገሩ ባይሆን ሥጋዋን ብሉ" ብለው ቦቃን ለማኅበሩ ሰጥተዋል። ለቃላቸው ብለው፣ ያለ ምንም ዋጋ። ይህን እናቴ ኋላ ነው የነገረችኝ። ያን ጊዜ የነገረኝ ማንም አልነበረም፤ ሁሉም አንድ ነገር ከበው ቆመዋል። ቢላዋ የያዘው ሰው እጁን አንጠልጥሎ ቀርቷል። ሰዉ ሲያየኝ ገለል አለ።

ማኅፀኑን ቅጠል ላይ አውጥተውታል፤ ተከፍቷል። ከመዳፍ የማትበልጥ ናት፤ ጠጉር የላትም፣ እግሮቿ ግን ተለይተዋል፣ ጭንቅላቷ ወደ ደረቷ ጎንበስ ብሏል። ጊደር ትሆን ነበር። አባቴ አጠገቧ ቁጢጥ ብለዋል። ጥቅምት ላይ ከተለያየን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

"ያንች ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባባ።"

"ነቅቶ ነበር?"

"ነቅቶ ነበር።"

መንገድ ላይ ሳዘጋጀው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ልመልስላቸው ያሰብኩትን ሁሉ ቅጠሉ ላይ የተኛችው መልሳላቸዋለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እጄ ደረቅ አለመሆኑን መንደሩ ሁሉ በዓይኑ አየ። "ኮርማዋ" ያለኝ አልነበረም። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ውጭ ወጣች።

ሥጋው ተመድቦ አለቀ። መደብ በመደብ በየቅጠሉ ተቀምጧል፤ እጣ ከመጣሉ በፊት ግን ሁልጊዜ ይመረቃል። ቀልደኛው ጎረቤታችን እንደምንም ድምፁን አወጣ። "በሉ እንግዲህ፣ ይመርቁልንና እንካፈል" አለና ባርኔጣውን አወለቀ። ሁሉም አወለቁ። እናቴ ከበሩ ላይ መዳፏን ዘረጋች። እኔም ቦርሳዬን መሬት ላይ ጣልኩና መዳፌን ዘረጋሁ። ይጀምሩ ብዬ ለመንኩ። በአገውኛ ይጀምሩ፣ መሬቱን ውሃውን ያዳርሱ፣ በአማርኛ ይድገሙት፣ እስኪመሽ ይምረቁ፣ እግሬ ይደንዝዝ። ምንም የሚበርደው ነገር በእጄ አልያዝኩም።

አባቴ ተነሱ። አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን ደም አይተው መልሰው ዘጉት።

"እናንተው ተካፈሉ" አሉና በድንቹ ማሳ በኩል ወጡ።

ሰዉ ባርኔጣውን አንድ በአንድ መልሶ ደፋ። እኔ መዳፌን እንደ ዘረጋሁ ቆሜ ቀረሁ።